የወንሳኑ ገመድ

እስቲ ጆሮ ስጡኝ። ዛሬ የምተርክላችሁ ስለ አንድ አብራሪና ስለ አንድ መካኒክ፣ መሣሪያ ስላልታጠቀች አንዲት ሄሊኮፕተርና ከእሷ ስለ ወረደው ገመድ ነው። አገሩ ኮሪያ ነው። ዘመኑ በእኛ አቆጣጠር 1943 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1951 ነው። ወሩ ሰኔ፣ ያውም መገባደጃው።

ያ ሰኔ ለእኛም ባዕድ አይደለም። የቃኘው ሻለቃ የመጀመሪያዎቹ ዘማቾች በሚያዝያ ከአዲስ አበባ ተነሥተው፣ በባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ በአሜሪካ መርከብ ባሕሩን አቋርጠው ቡሳን ከደረሱ ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው። በሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ አዛዥነት ከዚያች የደቡብ ወደብ አጠገብ ሰፍረው አዲስ መሣሪያ ይለማመዳሉ፤ የማያውቁትን ተራራ መውጣትና መውረድ ይማራሉ። ግንባር ገና አልደረሱም። የእኔ ትረካ የሚጀምረው ግን ከእነሱ ብዙ ርቆ፣ ከጦር ግንባሩ ማዶ፣ ወንሳን በምትባል የሰሜን ኮሪያ ወደብ ነው።

ወንሳን በምሥራቁ ጠረፍ ላይ ናት። ከየካቲት 9 ቀን ጀምሮ የተባበሩት መንግሥታት የጦር መርከቦች ከበዋታል። ያ ከበባ ጦርነቱ እስኪያበቃ አልተነሣም፤ 861 ቀን ዘልቋል። መርከቦቹ ከባሕር ይተኩሳሉ። አውሮፕላኖቹ ደግሞ ከሰማይ እየወረዱ፣ ወደ ግንባር ስንቅና ጥይት የሚያልፍበትን መንገድ፣ የባቡር ሐዲዱንና ድልድዩን ይደበድባሉ። ከታች ያለውም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ በየሸለቆው ዳር ፀረ አውሮፕላን ጠምዶ ይጠብቃል። አውሮፕላኑ ይመታል። አብራሪው በጃንጥላ ይዘላል። ከዚያስ?

ከዚያ ቀደም በነበሩት ጦርነቶች የዚህ ጥያቄ መልስ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነበር። ከጠላት መስመር ማዶ የወደቀ አብራሪ ወይ በእግሩ አምልጦ ይመለሳል፣ ወይ ይማረካል፣ ወይ ይሞታል። በኮሪያ ግን ሌላ መንገድ ተከፈተ። ሜዳ ሳይፈልግ የሚወርድ፣ ሰው ካለበት ጫፍ ላይ አየር መሃል ቆሞ ገመድ የሚጥል አዲስ ነገር መጣ። ሄሊኮፕተር!

አሁን ሄሊኮፕተር ስል በዛሬው ዓይን እንዳታዩብኝ። የዚያን ጊዜዋ ሌላ ናት። የባሕር ኃይሉ ኤችኦ3ኤስ-1 ብሎ የሚጠራት፣ ሲኮርስኪ የሠራት ትንሽ ፍጥረት ናት። አንድ ሞተር አላት። በአናቷ ላይ ሦስት ረጃጅም ክንፎች ይሽከረከራሉ። ከፊት ለአብራሪው አንድ ወንበር፣ ከኋላው ሦስት ሰው ተጠባብቆ የሚይዝ ጠባብ ክፍል፣ ይኸው ነው። ጥይት የሚመልስ ብረት አልለበሰችም። መትረየስ የላትም። ለሌሊት በረራና በደመና ውስጥ ለመሄድ የተሠራችም አይደለችም።

ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ሄሊኮፕተር ሞተሯ እጅግ የሚጨነቀው ስትሮጥ አይደለም፤ አየር ላይ ቀጥ ብላ ስትቆም ነው። ወደ ፊት ስትበር የሚያግዛት ነፋስ ስትቆም ይከዳታል። ተራራ ላይ አየሩ ይሳሳል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ይብሱን ይሳሳል። እንግዲህ ሰው ለማንሣት ኃይል በሚያንስበት ቦታ፣ ከሁሉ በላይ ኃይል በሚጠይቅ አኳኋን፣ ድምፅዋን ለሸለቆው ሁሉ እያሰማች ንቅንቅ ሳትል መቆም አለባት ማለት ነው። ጠመንጃ ይዞ ከቁጥቋጦ ሥር ለተኛ ወታደር ከዚህ የተመቸ ዒላማ ከየት ይመጣል?

እዚያ ውስጥ የሚቀመጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። አብራሪው መሪውን ይይዛል። ከኋላው የሚቀመጠው የበረራ ባልደረባው ደግሞ የገመዱ ሰው ነው። ሄሊኮፕተሯ ከወደቀው ሰው አናት ላይ ስትደርስ አብራሪው በቀጥታ ከበታቹ ያለውን ማየት አይችልም። ዓይኑ ያ ከኋላ ያለው ሰው ነው። ተንጠልጥሎ ወደ ታች እያየ፣ ወደ ግራ፣ ጥቂት ወደ ኋላ፣ በቃ እዚያው ቁም ይላል። ገመዱን ይከታተላል፤ የተሳበውንም ሰው በእጁ ወደ ውስጥ ይጎትታል። የአብራሪ ስም በታሪክ ይጻፋል፤ የዚህ ሰው ስም ብዙ ጊዜ በግርጌ ይቀራል። እኔ ዛሬ ሁለቱንም እጠራቸዋለሁ።

አብራሪው መቶ አለቃ ጆን ኬልቪን ኮልሽ ይባላል። አሜሪካዊ ነው፤ የተወለደው ግን ለንደን ውስጥ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው። ያደገው በኒውዮርክ ግዛት፣ የተማረው በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ባሕር ኃይል ገብቶ የቶርፔዶ ጣይ አውሮፕላን አብራሪ ሆነ። በኋላ ግን ቦምብ ከመጣል ሰው ወደ ማንሣት ዞረ። ሄሊኮፕተር ተማረ። ወደ ኮሪያ ባሕር የመጣባት አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብም ስሟ ፕሪንስተን ነበር። የተማረበት ቤት ስም ተከትሎት የመጣ ያህል ነው።

ሥራው ሲጠሩት መሄድ ብቻ አልነበረም። በሁለት በረራ መካከል ባለው ጊዜ መሣሪያውን ያሻሽል ነበር። ከባሕር ሰው ሲነሣ የሚታሰርበት መታጠቂያ ይሰምጥ ስለነበር፣ ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ አዲስ መታጠቂያ እንዲሠራ አደረገ። እጁ በብርድ የደነዘዘ፣ ባሕር ውስጥ የሚንገላታ አብራሪ የሰመጠ ነገር ፈልጎ አያገኝም፤ የሚንሳፈፈውን ግን ይይዘዋል። ሄሊኮፕተሯ የኮሪያን ብርድ እንድትችልም ያደረጋቸው ማሻሻያዎች ነበሩ። የኮልሽን ጠባይ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከሜዳሊያው በፊት ይህችን መታጠቂያ ይመልከት። ገመዱን የሚያየው ከላይ ካለው ሰው ወገን ሆኖ አልነበረም፤ ከታች ሆኖ እጁን ከሚዘረጋው ወገን ነው።

ተራው ደርሶ የጓድ ባልደረቦቹ ወደ አገር ቤት ሲመለሱ እሱ ልቆይ አለ። ፈቀዱለት። ወንሳን ወደብ ውስጥ ከቆመች፣ ታንክ ለማራገፍ ከተሠራችና አሁን የሄሊኮፕተር ማረፊያ ከሆነች መርከብ ላይ ተመደበ። በዚያው በሰኔ አጋማሽ ከወንሳን ውኃ አንድ አብራሪ አወጣ። ቤቱ ገብቶ ቢሆን ኖሮ ያ ሰው በማን እጅ ይወድቅ ነበር? እንጃ። እሱ ግን አልገባም፤ እዚያው ነበር።

የገመዱ ሰው ጆርጅ ኒል ነው። ከኦሃዮ ግዛት የመጣ፣ ሃያ ዓመት ያለፈው ገና ትናንት የሆነ ልጅ ነው። ሙያው የአውሮፕላን መካኒክነት ነው። መኮንን አይደለም፤ ከሞተር ዘይት ጋር የሚውል ተራ የባሕር ኃይል ሰው ነው። ሌላ ምን ልበላችሁ? ያን ማታ ያደረገው ይናገርለታል።

ሰኔ 26 ቀን 1943 ዓ.ም. ነው። ቀኑ ወደ ማምሻው ተጠግቷል። የማሪን ጓድ አብራሪ ሻምበል ጄምስ ዊልኪንስ፣ ኮርሴር የምትባለዋን ተዋጊ አውሮፕላን እያበረረ ከወንሳን ደቡብ ምዕራብ ተራሮች መሃል ተመታ። አውሮፕላኗ ነደደች። ዘለለ። ጃንጥላው ተዘርግቶ ተራራው ወገብ ላይ ሲያርፍ እጅና እግሩ በእሳት ተጎድቷል። ከበታቹ ባለው ሸለቆ የጠላት መንገድ ያልፋል። ወታደሮቹም ሰው በጃንጥላ ሲወርድ አይተዋል፤ እየወጡ ነው።

ወሬው ወንሳን ደረሰ። ማንም ኮልሽን ሂድ ብሎ ሊያስገድደው አይችልም ነበር። ሊመሽ ነው። ከባሕር የተነሣው ጉም ተራራውን ውጦት ጫፎቹ ብቻ ቀርተዋል። መሣሪያ የሌላት ሄሊኮፕተር፣ በጉም፣ በምሽት፣ በጠላት አገር መሃል! እሄዳለሁ አለ። ኒልም ከኋላው ገባ። ተነሡ።

ተዋጊ አውሮፕላኖች ሊያጅቧቸው አብረው መጡ። ከዚያ ግን ደመናው ተዘጋ። ፈጣን አውሮፕላን ተራራ መሃል ከደመና ሥር መግባት አይችልም፤ ግድግዳ ነው የሚያገኘው። አጃቢዎቹ ከደመናው በላይ እየዞሩ ቀሩ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሰዎች ብቻቸውን ናቸው። መመለስ ይችሉ ነበር፤ ያለ አጃቢ አልሄድም ያለ አብራሪ በማንም ዘንድ አይወቀስም። ኮልሽ ግን ዝቅ አለ። ከጉሙ ሥር ገባ። ዛፍ ለዛፍ ሊባል በሚችል ዝቅታ ሸለቆውን እየሰነጠቀ፣ እየተመለሰ፣ እያንዳንዱን ተዳፋት መፈተሽ ጀመረ።

ዊልኪንስ ከጃንጥላው ርቆ ተደብቆ ነበር፤ ጠላት መጀመሪያ የሚመጣው ወደ ጃንጥላው ነውና። አሁን ግን ያ የሚደልቅ ድምፅ ከጉሙ ውስጥ መጣ። ሊያድነኝ የመጣ ሰው ከሆነ እሱም መጀመሪያ የሚፈልገኝ ጃንጥላው ዘንድ ነው ብሎ አሰበ። በተቃጠለ እግሩ ወደ ሸሸበት ቦታ ተመለሰ። እስቲ ይህን አስቡት። የሚያሳድዱት ሰዎች ወደሚመጡበት ስፍራ፣ አንዲት ድምፅ አምኖ መመለስ።

ሄሊኮፕተሯ በአናቱ ላይ አለፈች። ከሸለቆው ተኩስ ተከፈተ። ተመታች። ዊልኪንስ ይህን ከታች ሆኖ ያያል፤ የተመታ ሰው እንደማይመለስ ያውቃል። እሷ ግን ዞረች። በዚያው በተኩሱ መሃል ተመልሳ መጣች። በቀጥታ ከበላዩ ቆመች። ኒል ገመዱን ለቀቀ።

እዚህ ላይ አላጣድፈውም፤ እነሱም አላጣደፉትም፣ አይቻልምና። ገመድ ሲወርድ ይወዛወዛል። የተቃጠለ እጅ መታጠቂያውን መያዝ አለበት፤ በራስ ላይ ማጥለቅ፣ በብብት ሥር ማሳለፍ አለበት። ይህ ሁሉ ሲሆን ከላይ ያለው አብራሪ ንቅንቅ ማለት አይችልም። ጥይት ወደ እሱ ሲመጣ የሰው ገላ ሁሉ ሽሽ ይለዋል፤ ሽሽት ደግሞ ገመዱን ከዊልኪንስ እጅ ይነጥቃል። ስለዚህ ኮልሽ አልሸሸም። ኒልም ከበሩ አልራቀም። ዊልኪንስ ታጠቀ። ገመዱ ተወጠረ፤ እግሩ ከመሬት ተነሣ። ወደ ላይ መጣ።

ያኔ ሁለተኛው ተኩስ አገኛቸው።

ሄሊኮፕተሯ ተናጠች፤ ኃይሏን አጣች፤ ከተራራው ጎን ተላተመች። ተገለበጠችና አረፈች። ከውስጥ የነበሩት በቀበቶ ታስረው ነበርና ቁልቁል ተንጠልጥለው ቀሩ። ዊልኪንስ ከገመዱ ጫፍ ነበር። ሦስቱም ተረፉ። እንዴት እንደተረፉ የሚገርም ነው፤ ግን ተረፉ። ኮልሽ ባልደረባውን ከፍርስራሹ አወጣ፤ ዊልኪንስንም ከወደቀበት አነሣ። ሦስቱም ጨለማውን ተገን አድርገው ተራራውን ይወጡ ጀመር።

ወገኖቼ፣ የማዳኑ ሥራ እዚህ ላይ ከሸፈ የሚል ሰው አለ። አንድ ሰው ሊያድን የሄደ ቡድን ሁለት ሰው ጨምሮ አሳጣ፤ ሦስት ሰው ጠላት መሬት ላይ ቀረ ይላል። ሒሳቡ ልክ ነው። እኔ ግን እንደዚያ አልቆጥረውም። ሄሊኮፕተሯ ወደቀች እንጂ ማዳኑ አልቆመም። እስካሁን በክንፍ የነበረው አሁን በእግር ሆነ፤ ልዩነቱ ይኸው ብቻ ነው።

ዘጠኝ ቀን። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተራራው ሳይወርዱ ተሸሸጉ። የሚፈልጓቸው ወታደሮች ከበታቻቸው ይመላለሳሉ። ከዚያ አሳባቸው ወደ ባሕሩ ሆነ። ባሕሩ ጋ የወገን መርከቦች አሉ፤ ባሕሩ ጋ ከደረሱ ተስፋ አለ። ግን ከሦስቱ አንዱ በእሳት የተጎዳ ነው። ሁለቱ ጤነኞች ብቻቸውን ቢሆኑ ይፈጥኑ ነበር። ትተውት አልሄዱም። ኮልሽ ባገኘው ነገር ቁስሉን ያክማል፤ በእሱ እርምጃ ይራመዳሉ።

በዚያው ሳምንት ዓለም ሌላ ነገር እያየ ነበር። ሐምሌ 3 ቀን በኬሶንግ ከተማ የተኩስ አቁም ድርድር ተከፈተ። ጋዜጠኞች ተሰበሰቡ፤ ጄኔራሎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ጦርነቱ በሳምንታት የሚያልቅ የመሰለው ብዙ ነበር። ሦስቱ ሰዎች ያን ቀን ከተሸሸጉ ሰባተኛ ቀናቸው ነው።

በዘጠነኛው ቀን ባሕሩ ዳር ደረሱ። አንዲት የዓሣ አስጋሪዎች መንደር አገኙና ጎጆ ውስጥ ተጠለሉ። እዚያው ተያዙ።

ባሕሩን አይተው መያዛቸው ሁልጊዜ ልቤን ይወጋዋል።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የጥይት ድምፅ የለበትም፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። እጃቸውን ታስረው በመንደር መሃል ሲነዱ፣ ኮልሽ ስለ ራሱ አልተናገረም። ይህ ሰው ቁስለኛ ነው፤ ሐኪም ይየው አለ። ጮኹበት። ደገመው። ዝም አላለም። በመጨረሻ ዊልኪንስን ከመካከላቸው ለይተው ወደ ሕክምና ወሰዱት። ዊልኪንስ እስከ ነፃነቱ ቀን የቆየው በዚያ ግትርነት ምክንያት እንደሆነ በኋላ ታውቋል። ገመዱ ያላደረሰውን ቃል አደረሰው።

በምርኮው ሰፈርም ያው ነበር። ምርኮኛ ለያዘው ወገን እንዲናገር የጄኔቫው ውል የሚያዘው ስሙን፣ ማዕረጉን፣ የመለያ ቁጥሩንና የተወለደበትን ቀን ብቻ ነው። ኮልሽ ከዚያ አላለፈም። ሊያስገድዱት ሞከሩ፤ ለብቻው አሰሩት፤ እሺ አላለም። ጓደኞቹ ታመው ሲያይ ከምግቡ ይከፍልላቸው ነበር። ያ ምግብ ምን ያህል እንደነበር አስቡ። በዚያ ጦርነት ከተማረኩት ከ7,100 በላይ አሜሪካውያን 2,700 ያህሉ በምርኮ ሳሉ ሞተዋል፤ የሚበዙትም በመጀመሪያው ዓመት፣ በረሃብ፣ በብርድና በበሽታ ነው። እንዲህ ባለ ሰፈር ውስጥ አንድ ጉርሻ ለሌላ መስጠት ከዕድሜ ቆርሶ መስጠት ነው።

ተቅማጥ ያዘው። ሰውነቱ ቀድሞውንም በረሃብ አልቆ ነበር። ጥቅምት 5 ቀን 1944 ዓ.ም. ሞተ። ዕድሜው 27 ዓመት ነበር። ከወደቀበት ቀን እስከ ሞተበት ቀን ሦስት ወር ከጥቂት ቀን ነው።

እዚህ ላይ ትረካዬን ትንሽ ላቁምና ስለ ራሳችን ልናገር። የቃኘው ልጆች ነገር ሲነሣ በኩራት የምንናገረው አንድ ነገር አለ። በኮሪያ ከ120 በላይ ወገኖቻችን ተሰውተዋል፤ ከ530 በላይ ቆስለዋል፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። እውነት ነው። ጦርነቱ አልቆ ምርኮኞች ሲለዋወጡ ከተመላሾቹ መካከል ኢትዮጵያዊ አልነበረም። ሬሳ እንኳ ትተው አይመለሱም ነበር። አሜሪካዊው የጦርነት ጸሐፊ ኤስ. ኤል. ኤ. ማርሻል በ1945 ዓ.ም. ግንባር ድረስ ሄዶ ይህን ጠባያቸውን በአድናቆት ጽፎታል። እኔም ስሰማው ደረቴ ይነፋል።

ነገር ግን ያ ኩራት ጥላ አለው። የተማረከ የለም ብለን ስንፎክር፣ ሳናስበው መማረክን ከውርደት ጋር እናስተሳስረዋለን። የተማረከ ወታደር አገሩ ሲመለስ ዓይን ለዓይን ማየት የሚያፍርበት ጊዜ ነበር። ይህን ልቀበለው አልችልም። የእኛው አብራሪ ለገሠ ተፈራ ኤፍ-5 እያበረረ የሶማሊያን አውሮፕላኖች ጥሎ፣ በኋላ ራሱ ተመትቶ ሲወድቅ ተማረከ፤ 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ቤት ኖረ። እነዚያን 11 ዓመታት ማን ውርደት ይላቸዋል? ሰማይ ላይ የሠራው ጀብዱ የደቂቃ ነው፤ እስር ቤት ውስጥ ሳይሰበር መቆየቱ ግን በየማለዳው እንደ አዲስ የሚጀመር ነው። ኮልሽም እንደዚያው ነው። ከጉሙ ሥር ሲገባ ጀግና ነበር። እጁ ከታሰረ በኋላ፣ ክንፍ ሳይኖረው፣ ለሌላ ሰው ሐኪም ሲጠይቅና ጉርሻውን ሲከፍል የበለጠ ጀግና ሆነ። እንዲህ ነው የምለው፤ የሚከራከረኝ ካለ እከራከረዋለሁ።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በኬሶንግ ተጀምሮ ወደ ፓንሙንጆም የተዛወረው ድርድር በሳምንታት አላለቀም። ሁለት ዓመት ወሰደ። ከሁሉ በላይ ያጓተተውም የምርኮኞች ጉዳይ ነበር፤ ወደ አገሩ መመለስ የማይፈልግ ምርኮኛ በግድ ይመለስ ወይስ አይመለስ በሚለው ክርክር ብቻ ወራት አለፉ። ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ውሉ ተፈረመ። በዚያው ሐምሌ መገባደጃ ላይ ታላቁ የምርኮኞች ልውውጥ ተጀመረ። ዊልኪንስ ተመለሰ። ኒልም ተመለሰ።

በዚያች ተራራ ላይ የሆነውን፣ ዘጠኙን ቀን፣ በመንደሩ መሃል የሆነውን ያየ ሌላ ወገን አልነበረም። ከደመናው በላይ የቀሩት አጃቢዎች ምንም አላዩም። ሁለቱ ባይመለሱ ኖሮ ኮልሽ ሄዶ ያልተመለሰ አንድ ሄሊኮፕተር አብራሪ ተብሎ በመዝገብ ይቀር ነበር። ተመልሰው ተናገሩ። ኮልሽ ያተረፈው ሰው ሕይወቱን ብቻ ይዞ አልመጣም፤ የኮልሽንም ታሪክ ይዞ መጣ።

ሐምሌ 27 ቀን 1947 ዓ.ም. በአሜሪካ ከሁሉ የሚበልጠውን የክብር ሜዳሊያ እናቱ ስለ እሱ ተቀበሉ። ይህን ሜዳሊያ ካገኙ የሄሊኮፕተር አብራሪዎች የመጀመሪያው እሱ ነው። ልክ በሁለት ሳምንቱ፣ ነሐሴ 11 ቀን፣ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር አንድ ወታደር ቢማረክ እንዴት ሊኖር እንደሚገባው የሚደነግገውን ባለ ስድስት አንቀጽ የሥነ ምግባር ደንብ ፈረሙ። ምርኮኛ ለባልደረቦቹ ታማኝ ይሁን፤ ከጠላት የተለየ ጥቅም አይቀበል፤ ከስሙ፣ ከማዕረጉ፣ ከቁጥሩና ከልደት ቀኑ በቀር አይናገር ይላል። ኮልሽ ያን ደንብ ሳያነብ፣ ደንቡ ሳይጻፍ፣ አራት ዓመት ቀድሞ ኖሮታል። የባሕር ኃይሉ ሰዎችም ደንቡን ሲያስተምሩ የእሱን ስም ያነሣሉ።

አጽሙ ከኮሪያ ተመልሶ በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር አርፏል። በ1959 ዓ.ም. በስሙ የተሰየመች የጦር መርከብ ሥራ ጀመረች፤ ከሃያ ዓመት በላይ አገልግላ በኋላ ለፓኪስታን ባሕር ኃይል በኪራይ ተሰጠች።

ኒልስ? ለኒል ከክብር ሜዳሊያው ቀጥሎ ያለውን የባሕር ኃይል መስቀል ሰጡት። ከሁለት ዓመት ምርኮ በኋላ አገሩ ገባ፤ ዕድሜ ሰጥቶት ከሰማንያ ዓመት በላይ ኖረ። ብዙ ጊዜ ታሪኩ ሲጻፍ «አብራሪውና ባልደረባው» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ይህን ስል ኮልሽን ለማሳነስ አይደለም፤ እሱ ራሱ ቢኖር ኖሮ ከሁሉ አስቀድሞ የኒልን ስም የሚጠራ ይመስለኛል። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ጥይት ከታች ሲመጣ ገመዱን የያዘው እጅ የእሱ ነበርና።

የጦር መርከብ በፕሬዚዳንት፣ በአድሚራል፣ በከተማ ስም ሲሰየም ሰምታችኋል። አሁን ግን የአሜሪካ ባሕር ኃይል አርሌይ በርክ ከሚላቸው ሚሳይል ተሸካሚ አጥፊ መርከቦቹ አንዷን፣ ቁጥሯ ዲዲጂ-131 የሆነችውን፣ «ጆርጅ ኤም. ኒል» ብሎ ሰይሟታል። የኦሃዮው መካኒክ ነው። ወደፊት በዚያች መርከብ የሚያገለግሉ ወጣቶች፣ አብዛኞቹ እሱ ያን ማታ በነበረበት ዕድሜ ያሉ፣ ይህ ሰው ማነው ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ጠይቀው ሲጨርሱ የኮልሽ ስምም አብሮ ይነገራቸዋል።